ያስረከብኩት ቁልፍ

ከ20 እስከ 23 ዓመቴ በአንድ የከተማ ባር ባንኮኒ ላይ መጠጥ ቀጂ ነበርኩ። የዚያን ዘመን ባልደረቦቼን ሳገኝ ጨዋታው ሁሉ ሳቅ ነው፤ ማን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እንደጨፈረ፣ ማን ሲነጋ በረንዳ ላይ ተኝቶ እንደተገኘ። በመጨረሻ አንዳችን «ልጅነት ነዋ!» እንልና ወሬው ይዘጋል። ይህ ቃል ከዓመት ወደ ዓመት እየጎረበጠኝ መጥቷል። ልጅነት ነበረበት፣ አልክድም። ግን ያን አኗኗር ከቤታችን ይዘነው አልመጣንም፤ ያስለመደን ሥራው ነው።

ደንበኛው ለራሱ አንድ መለኪያ ያዝዝና «ለአንተም ቅዳ» ይላል። እምቢ ማለት ደንበኛ ማስቀየም ነው፤ ሥራ አስኪያጁም አይወደውም፤ የእኔ መለኪያም ሒሳቡ ላይ ይደመራላ። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አምስት ስድስት ጊዜ ደግሜያለሁ። የሰው ጉበት በአንድ ሰዓት ሊያስወግድ የሚችለው በግምት የአንድ መለኪያ አልኮል ነው፤ ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያፈጥነውም። እኛ ግን ባሩ ሲዘጋ ቡና እንጠጣና ነቅተናል ብለን ሞተር ብስክሌት አስነስተን እንሄድ ነበር።

ጆሮዬም የዚያ ዘመን ዕዳ አለበት። ድምፅ ማጉያው ከራሴ በላይ ተሰቅሎ፣ ትእዛዝ የሚሰጠኝ ሁሉ አፉን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ ይጮኻል። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እንደሚመክረው፣ በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ መቆየት የሚገባው ቢበዛ 8 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የእኛ ፈረቃ 9 ሰዓት ነበር። ዛሬም ቤቱ ጸጥ ሲል ግራ ጆሮዬ ያፏጫል።

አልኮል ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የመደበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ነው። እኔ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም ይህ ከታወቀ ቆይቶ ነበር፤ የነገረን አልነበረም። አየርላንድ በዚሁ አቆጣጠር በ2004 በባሮች ውስጥ ማጨስን ስትከለክል ሕጉ የተነሣው ከሠራተኛው ሳንባ ነው። ባር ለደንበኛው መዝናኛ ቢሆንም ለሚቀዳው ሰው የሥራ ቦታ መሆኑን ያመነ ሕግ ነው። መጠጡንም ጩኸቱንም በዚሁ ዓይን የሚያይ ሕግ እፈልጋለሁ። በሥራ ሰዓት ለሠራተኛ መጋበዝ ይቅር፤ ቀጂውም ለሰከረ ሰው አልቀዳም ሲል እንጀራው አይነካ።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለ አንድ ቁልፍ ነው። አንድ ደንበኛ ገና ሲመጣ የመኪናውን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አኖረና «ካበዛሁ እንዳትሰጠኝ» አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሒሳቡን ዘግቶ ቁልፉን ጠየቀኝ። እጁ የኮቱን እጅጌ ስቶ ሁለት ጊዜ ከአየር ጋር ታግሏል። የታጠፈ ገንዘብ በመዳፌ አኖረ፤ ሰጠሁት። እኔም በዚያች ሰዓት ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ አይቼው ይሆን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንጎል በብዙ አልኮል ሲጥለቀለቅ አዲስ ትዝታ መመዝገብ ያቆማል፤ ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ ቢፈልጉትም አይገኝም። የዚያን ሌሊት መጨረሻም፣ የሳምንቱን ብዙ ሌሊትም እንዲሁ አጥቼዋለሁ። የቀረኝ ቁልፉ ነው፤ ቀለበቱ ላይ ሕፃን ልጅ የጎነጎነው የሚመስል ቀይ ክር ታስሮበት ነበር።