ሪባኑ ይቆረጥ፣ ለቅርሱ ይደረስለታል

የአካባቢ ምክር ቤት ለቅርስ ደንታ የለውም የሚል ካለ አፉን ይሰብስብ። አዲሱ የሙዚየም አዳራሽ እብነ በረድ ለብሷል፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ ይህ ሁሉ ለግንባታ ከሚመደበው የካፒታል በጀት ነው። በማግስቱ በሩን የሚከፍተው፣ እርጥበቱን የሚለካው፣ ነቀዙን የሚከታተለው ባለሙያ ግን ደመወዙ ከመደበኛ በጀት ስለሆነ አልተቀጠረም። አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ ነው። ደመወዝ አይመረቅ፣ በእርጥበት መለኪያ ፊት ንግግር አይደረግ!

ጊዜ አጠቃቀማቸውማ ልዩ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ቅርሱ የሚታይበት ባለመስታወት ሣጥን ይሠራል፤ በዋዜማው ሌሊት ቀለም ይቀባል፤ ጠዋት ቅርሱ ይገባበታል። አዲስ ቀለም ለሳምንታት ይናፈስ የሚሉ ነዝናዞች አይጠፉም። እነሱማ ከሣጥኑ እንጨት፣ ጨርቅና ሙጫ ቁራጭ ወስደው፣ ከእርሳስ፣ ከመዳብና ከብር ቅንጣቢ ጋር በጠርሙስ ያሽጉና፣ ጠብታ ውሃ ጨምረው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 28 ቀን ያቆዩታል። ቅንጣቢው ከጠቆረ ወይም ነጭ ዱቄት ካወጣ ያንን እንጨት ወይም ሙጫ አይነኩትም። 28 ቀን! በዚህ ጊዜ ስንት ነገር ይመረቃል። ከኦክ እንጨት በሚወጣ አሲድ የእርሳስ ማኅተም ወደ ነጭ ዱቄት ቢለወጥስ? ጎብኚው ጥንታዊነቱ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ብርሃኑም አልተሰሰተም። ለብራናና ቀለም ለተነከረ ጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ይበቃል ይባላል፤ ለካሜራ ግን አይበቃም። ስለዚህ 1000 ሉክስ ይለቀቅበታል፣ የሚያጠፋው ሠራተኛ ስለሌለም ሌሊቱን ያድራል። የብርሃን ጉዳት ይደመራል እንጂ አይሽርም፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ቢበራ 60 ቀን የሚፈጀውን የብርሃን መጠን በአንድ ቀን ጨርሰውታል። በቅልጥፍና ማን ይወዳደራቸዋል?

እኩልነታቸውስ! ክሎራይድ (ከጨው የሚመጣ ንጥረ ነገር) የያዘ ጥንታዊ ነሐስ በዙሪያው ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ መያዝ ከሚችለው የውሃ ተን የያዘው ድርሻ) ከ42 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ካለፈ አረንጓዴ ዱቄት እየተፋ ይበላል። ብራና ደግሞ አየሩ በጣም ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ወደ 50 በመቶ ገደማ ይስማማዋል። አዳልቶ የሚያስብ ሰው ሁለት ሣጥን ይጠይቅ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱ በአንድ መስታወት ሥር በወንድማማችነት ይኖራሉ። ከሥራቸው የሲሊካ ጄል ከረጢትም አለ። እርጥበት ጠጥቶ ሲሞላ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፣ ለማድረቂያው የተያዘ በጀት ግን የለም፤ እዚያው ተቀምጦ እንደ ቅርስ ይታያል።

ከሁሉ የረቀቀው ግን መዝገቡ ነው። ቅርሱ ሲገባ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሣ፣ ስንጥቁ በሚሊሜትር ይለካ፣ ቅርሱ በምን ሁኔታ እንዳለ የሚገልጽ የይዞታ መግለጫ ተሞልቶ ይፈረምበት የሚባለውን ውጣ ውረድ ዘለውታል። ቁጥሩ በቀጥታ ዕቃው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል (ሙጫው ገጹን ይዞ እንደሚነሣ ማን ነገራቸው?)። ፎቶ የለም ግን አይባልም፤ ባለሥልጣኑ ከፊት፣ ቅርሱ ከትከሻቸው ኋላ ሆኖ በሚገባ ተነሥቷል። ከዓመታት በኋላ ኦዲተር መጥቶ «ይህ ስንጥቅ መቼ መጣ?» ቢል የሚያመሳክርበት ሰነድ አያገኝም። ስለዚህ የዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት ሳይዋሽ «ጉዳት የደረሰበት ቅርስ አልተመዘገበም» ብሎ ይጽፋል።