ክንፍ የሚይዘው ማን ነው?

ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት ሞተር አልባ አውሮፕላን ማብረር ልማር ብላ ስትነሣ እኔን ያሳሰበኝ ክፍያው ነበር። ፍራንክፈርት ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር በረራ የባለጠጋ ጨዋታ ይመስለኝ ስለነበር፣ የክበቡ ወርኃዊ መዋጮ ከፈራሁት እጅግ ማነሱን ስሰማ ተገረምሁ። የቀረው ዋጋ በጉልበት እንደሚከፈል የገባኝ ኋላ ነው።

አንድ ሰው አየር ላይ እንዲቆይ ስንት ሰው ምድር ላይ መቆም እንዳለበት በመጀመሪያው ቅዳሜ አየሁ። አንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዊንቹን፣ ማለትም አውሮፕላኑን በረጅም ገመድ ስቦ የሚያስነሣውን ሞተር፣ ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ገመዱን በአሮጌ መኪና ጎትቶ ይመልሳል፤ አንዱ መነሻና ማረፊያ ሰዓት ይመዘግባል፤ ሌላው የክንፉን ጫፍ ደግፎ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ጥቂት እርምጃ አብሮ ይሮጣል። አስተማሪው እንኳ ደመወዝ የለውም። ልጄ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራ ሜዳው ላይ ውላ አየር ላይ የቆየችው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ክንፍ ይዛ የሮጠችውን ግን መቁጠር አቃተኝ። ማታም በክንፎቹ ላይ የተለጠፉት ትንኞች በስፖንጅ ሳይታጠቡ ወደ ቤት መሄድ ነውር ነው።

ልማዱ ከአጀማመሩ የመጣ ይመስለኛል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመንን በሞተር አውሮፕላን ረገድ ስለገደባት፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ወጣቶች ሞተር የሌላቸውን አውሮፕላኖች ይዘው 950 ሜትር ከፍታ ባለው በቫሰርኩፐ ተራራ ላይ ተወዳደሩ። በእነዚያ ዓመታት ማስነሻው የላስቲክ ገመድ ነበርና፣ ጓደኞቹ ቁልቁል እየሮጡ ካልሳቡለት አብራሪው ከሣሩ ንቅንቅ አይልም ነበር።

በልጄ ክበብ እያንዳንዱ አባል በዓመት የተወሰነ የሥራ ሰዓት አለበት፤ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን ሲፈትሽና ሲወለውል ይሞላዋል፤ ያልሞላ ይከፍላል። ጠቡም እዚህ ላይ ነው። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ፣ ቀትር ላይ መጥተው፣ በርረው፣ ከፍለው የሚሄዱት አባላት ጉዳይ ሲነሣ አንድ ሽማግሌ «ዩሮ ክንፍ ይዞ አይሮጥም» ብለው ቁጭ አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ከከፋዮቹ መካከል ግን ሁለቱ ፊታቸው ቀላ።

እኔ በልቤ እድራችንን አስብ ነበር። በእድር ለቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ይሁንና ድንኳኑም ወንበሩም ወጥ ሠሪዋም ዛሬ በኪራይ ስለሚገኙ ከፋዩም ለእድሩ ይጠቅማል። ወንፈል ግን እንዲህ አይደለም፤ አጨዳ የዋለልህ ሰው የሚጠብቀው ያንኑ አንድ ቀን እንጂ ብር አይደለም። ሽማግሌው የተናገሩት፣ ቃሉን ባያውቁትም፣ ስለ ወንፈል ነበር።

እዚሁ ከተማ ያለው የእኛ ማኅበር ሁለቱንም አይደለም። ለእንቁጣጣሽ አዳራሹ ይሞላል፤ ዶሮው ካለቀ በኋላ ወንበር የሚያጥፉት ግን ስድስት ሰዎች ናቸው፣ በየዓመቱም እነዚያው ስድስቱ። ከሚሄዱት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሥራ ይበዛብናል እንላለን፤ የክበቡ ዊንች ነጂ ዳቦ ቤት ሌሊት ሠርቶ የሚመጣ ሰው ነው። ጀርመኖቹ ቅዱሳን ስለሆኑም አይደለም፣ ማጉረምረም እንደነሱ የሚችል የለም፤ ነገር ግን የማን ተራ እንደሆነ በስምና በሰዓት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አገር ቤትም እድርተኛ በመዝገብ ስሙ ይጠራል። እኛ መዝገቡን እዚያ ትተን ይሉኝታውን ብቻ ይዘን የመጣን ይመስለኛል፤ ይሉኝታ ደግሞ «ተራህ ነው» ለማለት አያስደፍርም።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ኮቴን ለብሼ ስነሣ ልጄ ግድግዳውን ስትቃኝ አየኋት። «አባዬ፣ የወንበሩ ተራ የት ነው የተለጠፈው?» አለችኝ። ኮቴን መልሼ አወለቅሁ፤ ያን ማታ ስምንት ሆነን አጠፍን።