የአስር አለቃው ፊልትሮ

አንድ የማውቀው ሰው ሠራዊት ውስጥ መካኒክ ነበር። ማዕረጉ አስር አለቃ። የሚጠግነው ኦራል ነው፤ ያንን ግዙፍ የሩሲያ ካሚዮን። የተመደቡበት ቦታ ቆላ ነው፤ አቧራው ዱቄት ይመስላል። የአየር ፊልትሮው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ መለዋወጫው ደግሞ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። እሱ ታዲያ ከባዶ የዘይት ጣሳ፣ ከወንፊትና ከፍራሽ ስፖንጅ አንድ ነገር ሠራ። ከዋናው ፊልትሮ ፊት ተገጥማ አቧራውን ቀድማ የምታስቀር። ሦስት መኪና ላይ ገጠማት። ሠራች።

አንድ ቀን አለቃው መጡ። ኮፈኑን አስከፈቱ።

«ይሄ ማንዋሉ ላይ አለ?»

«የለም ጌታዬ።»

«ንቀለው።»

ነቀለው።

አለቃውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። ስፖንጁ ተበጣጥሶ ሞተር ውስጥ ቢገባ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ከ«ንቀለው» ሌላ ሊሉት የሚችሉት ነገር አልነበራቸውም። «እስቲ እንፈትነው» ለማለት ፈተናውን የሚያካሂድ ክፍል ያስፈልጋል። ያ ክፍል የት ነው?

ስለ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶችና ስለ ፈጠራ ሲወራ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ሕንፃ ነው። ማዕከል ይከፈት፣ ላብራቶሪ ይገንባ፣ ሪባን ይቆረጥ። ይሁን፣ አልጠላም። ቢሾፍቱ ያለው የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ አለው፤ ቆንጆ ወርክሾፕ ለተማሪ መቼም አይበዛበትም። ግን የጎደለን በዋናነት ሕንፃ አይመስለኝም። የጎደለው ከታች ያለ ሰው ሐሳብ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት አሜሪካኖች ኖርማንዲ ላይ ተቸንክረው ነበር። የፈረንሳይ ገበሬዎች ለዘመናት ማሳቸውን ያጠሩበት የአፈር ድልድል፣ ከላዩ ዛፍና ቁጥቋጦ የበቀለበት፣ ለታንክ ወጥመድ ሆነ። ታንኩ ድልድሉን ሲወጣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል፤ ስሱ ሆዱ ለጀርመን ተኳሽ ይጋለጣል። በዚህ ጉዳይ የጦሩ ሰዎች ሲያወሩ ሮበርትስ የሚባል የቴነሲ ልጅ «ለምን ታንኩ ፊት ላይ የመጋዝ ጥርስ አንገጥምም?» አለ። ሳቁበት። ሳጅን ከርቲስ ከሊን ግን አልሳቀም። ጀርመኖች ባሕር ዳርቻው ላይ ታንክ ማገጃ ብለው የተከሉትን ብረት ቆርጦ ታንክ ላይ በየደ። ታንኩ ድልድሉን ሰንጥቆ አለፈ።

እኔን የሚገርመኝ ብየዳው አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወሬው ከሳጅኑ ተነስቶ እስከ ጄኔራል ኦማር ብራድሊ ደረሰ። ብራድሊ ራሳቸው መጥተው አዩት፤ ወዲያው በብዛት ይሠራ አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ትልቁ ማጥቃት ሲጀመር፣ በርካታ ታንኮች ጥርስ አብቅለው ነበር። መሣሪያው ውጊያውን ምን ያህል እንደቀየረ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሳጅኑ ግን ሐሳቡ የሮበርትስ ነው ብሎ ተናግሯል። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ሥራ ፈጣሪነት ሲባልስ? ወታደር ነጋዴ ይሁን እያልኩ አይደለም። የዚያን መንገድ መጨረሻ አይተነዋል። በወታደሮች ይመራ የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በ2002 ሲቋቋም የተወራለትን እናስታውሳለን፤ በ2010 የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ሲነጠቅም አይተናል። በኔ ግምት የተበላሸው ወታደር ስለሠራው ብቻ አይደለም። ሥራው በትእዛዝ ይመጣል፣ ገዢው የታወቀ ነው፣ «ይሄ አይሠራም» የሚል ደንበኛ የለም። ሥራ ፈጣሪ ማለት ደግሞ በየቀኑ «አይሠራም» የሚባል ሰው ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የአሜሪካ ጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት ዌስት ፖይንት ገና በጠዋቱ፣ አሜሪካ መሐንዲስ ባጠራት ዘመን፣ ምህንድስና ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 በወጣ ሕግ የጦር መሐንዲሶች የሲቪል መንገድና ቦይ እንዲቀይሱ ተፈቀደ። በ1819 የተመረቀው ጆርጅ ዊስለር በመኮንንነቱ የባቡር መስመር ሥራ ላይ ሰለጠነ፤ ከዚያ ዩኒፎርሙን አወለቀ፤ በመጨረሻም የሩሲያው ንጉሥ የሞስኮና የፒተርስበርግን ባቡር እንዲሠራ አስጠሩት። ሠራዊቱ አንድ መኮንን አጣ። አገሪቱ ግን አንድ የባቡር መሐንዲስ አገኘች።

እኛ ጋ ምን ይደረግ? ከመማሪያ ክፍሉ ልጀምር። ሰልፍ ሜዳ ላይ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ አልከራከርም። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ማዕረግ በር ላይ ቢቀርስ? የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ከመምህሩ መሳቢያ ከሚወጣ ከየምድቡ ቢመጣ። ዕጩ መኮንኑ አንድ ወር ጋራዥ፣ መጋዘን፣ ወጥ ቤት ይቀመጥ፤ ምን እንደሚያማርራቸው ጠይቆ ይምጣ። ፕሮጀክቱ ባይሳካም ለምን እንዳልተሳካ በደንብ የጻፈ ልጅ ማርክ ያግኝ። አሁን ማርክ የሚያስገኘው ዕለቱን ብቻ የሚሠራ፣ ቀለም የተቀባ ሞዴል ነው፤ እንግዳ ሲሄድ እሱም ይቆማል።

ቀጥሎ ባለቤትነት። የፈጠራ አዋጃችን፣ ቁጥር 123/1987፣ በሥራ ውል ውስጥ የተሠራ ፈጠራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው ይላል። ሚስጥራዊ መሣሪያ ከሆነ ልክ ነው፣ አያከራክርም። የአቧራ ፊልትሮ ግን ምን ሚስጥር አለው? አዋጁ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ብሎ በር ትቷል። ተቋሙ በዚያ በር ገብቶ አንድ ገጽ ውል ማዘጋጀት ይችላል፦ ሠራዊቱ በነፃ ይጠቀምበት፤ ሲቪል ገበያው ለሠሪው ይሁን፤ ስሙም ይጻፍለት።

መካኒኩ አሁን ጡረታ ወጥቷል። አንድ የክፍለ አገር ከተማ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለው። ባለፈው ስሄድ ደጁ ላይ ሁለት አይሱዙ ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ጣሳውን ሊያስገጥሙ መጥተው ነው። አሁን ስፖንጁን በሽቦ መረብ ይይዘዋል፤ እንዳይበጣጠስ። ያኔ አለቃው ስለፈሩት ነገር እንዳሰበበት ያስታውቃል።

«ለሠራዊቱ አልነገርካቸውም?» አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ለማን ብዬ?» አለኝ።