ጭማሪው ኪስ ሲደርስ

ስለ ደመወዝ ጭማሪ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የድርጅት ባለሙያ በየዓመቱ ቢያንስ 25 በመቶ ጭማሪ ይጠይቅ ይላል። መጠየቁስ ባልከፋ! እኔ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ፔሮል (የደመወዝ ክፍያ ዝርዝር) የምሠራውም እኔው ነኝ። ሐምሌ ላይ የበጀት ዓመቱ ሲገባ የጭማሪ ደብዳቤው በካኪ ፖስታ ይመጣል። እኛ ጋ ጎበዝ የተባለ ሰው 10 በመቶ ካገኘ ወሬው ካፍቴሪያ ሳይደርስ አያድርም።

እስቲ በ20,000 ብር ደመወዝ እናስላው። 10 በመቶ 2,000 ብር ነው። አሁን ባለው የግብር ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ 700 ብር ሄደ። ጡረታ 7 በመቶ፣ 140 ብር። የቀረችው 1,160 ናት። አምና አንድ መሐንዲስ ባልደረባዬ ይህን ሳሳየው ካልኩሌተሩን ከእጄ ነጥቆ እንደገና መታው። ያው 1,160።

አከራዬ ግን የሥራ አፈጻጸም አይገመግሙም። በዚያው ወር በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ኑሮው ተወዷል» ብለው 1,000 ብር ጨመሩብኝ። (ደግ ሴት ናቸው፣ እውነት ለመናገር።) ከዚያች 1,160 የሚተርፈው 160 ብር ነው።

እኔ ብሆን በመቶኛ ላይ አልጨቃጨቅም። የደረጃ እድገት ነው የምጠይቀው፤ መደቡ ሲቀየር የደመወዝ ስኬሉም ይቀየራል። እሱ ካልተሳካ የትራንስፖርት አበል ይሻላል። እስከ ተወሰነ መጠን ግብር አይነካውም፣ ጡረታም አይቆረጥበትም።