ለጎረቤት የተፈቀደ፣ ለእትዬ ያልተፈቀደ

እትዬ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር ሕክምና በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ቡና ጠሉ። የእናቴ እህት ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እትዬና ቡና ተለያይተው አያውቁም ነበር። አሁን ግን ገና ሲቆላ ሽታው ያስመልሳቸዋል። እንጀራም በአፋቸው አልዞር አለ። የታዘዘላቸው የማቅለሽለሽ መድኃኒት አንድ ቀን ይይዝላቸዋል፣ በማግስቱ ይተዋል።

አንድ ማታ ልጃቸው ማሪዋና ከሚሸጥበት ዲስፔንሰሪ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ውስጧ ስኳር የተነሰነሰባቸው ከረሜላዎች አሉ። እትዬ አገላብጠው አዩዋት። ክዳኗ ላይ የተሳለውን ቅጠል አወቁት።

«ሐሺሽ ልታበዪኝ ነው?»

«እማዬ፣ እዚህ እኮ መድኃኒት ነው። መንግሥት ፈቅዶታል።»

ብዙ ተሟገቱ። በመጨረሻ እትዬ አማትበው የአንዷን ከረሜላ ግማሽ ወሰዱ። በማግስቱ ጠዋት «እስቲ ትንሽ ሽሮ ሥሩልኝ» አሉ። ሽሮው ሲንተከተክ ልጃቸው ምድጃው ፊት ቆማ ታለቅስ ነበር። ቆርቆሮዋ ግን በርበሬው ጀርባ ተደበቀች። የማኅበር ሴቶች ሊጠይቁ ሲመጡ ማንም አያነሳትም። ነውር ነዋ።

ይህ ዝምታ ነው ያስጻፈኝ። በሁለት በኩል እየጎዳን ነው፤ በጤናችንም፣ በመኖሪያ ወረቀታችንም።

አሜሪካኖቹ ዝም አላሉም። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በ1969 ሲጠይቅ ማሪዋና ሕጋዊ ይሁን ያሉት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2023 ቁጥሩ 70 በመቶ ደረሰ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይህን ለውጥ ያመጡት ፖለቲከኞች አይመስሉኝም። በሽተኞች ናቸው። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና ስትፈቅድ ከፊት ተሰልፈው የታገሉት የኤድስ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ነበሩ። በ2013 ደግሞ ሻርሎት ፊጊ የምትባል የኮሎራዶ ሕፃን በቴሌቪዥን ታየች። የሚጥል በሽታዋ በሳምንት 300 ጊዜ ያህል ይጥላት የነበረች ልጅ ናት። ከማሪዋና በተጨመቀ ዘይት በሽታዋ ቀለል ሲልላት አገር አየ። የሲኤንኤኑ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሳንጄይ ጉፕታ፣ ቀድሞ ይቃወም የነበረው፣ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከዚሁ ተክል የሚወጣውን ኤፒዲዮሌክስ የተባለ መድኃኒት ለሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች አጸደቀ።

ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ካንሰር ያድናል የሚለውን ወሬ እኔም በስልኬ ይልኩልኛል፤ ይህን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ዘገባ ጠንካራ ማስረጃ አለው ያሉት ለጥቂት ነገሮች ነው፤ ለማይለቅ ሕመም፣ ኬሞ ለሚያመጣው ማቅለሽለሽና ኤምኤስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ለሚመጣ የጡንቻ መገታተር። ያው ዘገባ አዘውትሮ መጠቀም እንደ ስኪዞፍሬኒያ ካሉ የአእምሮ ሕመሞች ጋር መያያዙንም በግልጽ አስቀምጧል። ልጆች ያሏችሁ ይህችን አትለፏት። በእኛ ቤት ልጅ አእምሮው ሲታወክም የሚደበቅ ነገር ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳት ልምጣ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼኛው ነው።

ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ ፈቅዳለች። ቨርጂኒያ መያዝን በ2021፣ ዲሲ ደግሞ በ2015 ፈቅደዋል። ሽታው መንገዱን ሞልቶታል፣ ሱቁ በየጥጉ ነው። ይህን የሚያይ ሰው «ተፈቅዷል» ቢል አይፈረድበትም። የፌዴራሉ ሕግ ግን ሌላ ነው። በ1970 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር በጣም ጥብቅ በሆነው አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው የከተተው። ግሪን ካርድና ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ ሜሪላንድ አይደለችም፣ ፌዴራል መንግሥቱ ነው።

በዲቪ የመጣ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ፓርኪንግ ሲሠራ ቆይቶ ዲስፔንሰሪ ውስጥ ካሸር ሆነ። ክፍያው ይሻላል፣ ሥራው ቤት ውስጥ ነው፣ ብርዱ የለም። «ላይሰንስ አለው እኮ፣ ታክስ ይቆርጡልኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ችግሩ ግን የዜግነት ማመልከቻው ያለፉትን ዓመታት አሠሪ በስም ጻፍ ይላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክልሉ በፈቀደው የማሪዋና ንግድ ውስጥ መቀጠርም ለዜግነት የሚጠየቀው «መልካም ጠባይ» የለውም ሊያሰኝ ይችላል ብሏል። በዚያው ወር ዴንቨር ውስጥ ሕጋዊ ነዋሪ የሆኑ ሁለት ሰዎች በዚሁ ሥራቸው የተነሳ ዜግነት እንደተከለከሉ ይፋ ሆኖ ነበር። ታክስ የከፈለበት ወረቀት መልሶ ማስረጃ ይሆንበታል ማለት ነው።

የያዘም፣ የተጠቀመም ከዚህ አያመልጥም። ሐኪም ባዘዘለት ወረቀት እንኳ የተጠቀመ ግሪን ካርድ ያዥ የፌዴራሉን ሕግ ጥሷል። በትንሽ ማሪዋና ተይዞ የተፈረደበት ሰው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ጣጣ ሊገጥመው ይችላል። በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ማሪዋናን ወደ ሦስተኛው ምድብ እናውርደው ሲል ብዙ ሰው «በቃ፣ አለቀ» አለ። ለእኛ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። የኢሚግሬሽን ሕጉ ምድብ አይመርጥም፤ በፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር ውስጥ እስካለ ድረስ ያስጠይቃል።

ይህ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤቱ እየከፈለ የሚገዛውን ነገር የሸጠለት ካሸር ዜግነት ይከለከላል። ዜጋ የሆንን፣ የምንመርጥ ሰዎች አለን። ይህን ለኮንግረስ ተወካዮቻችን መንገር የእኛ ሥራ ነው። እስከዚያው ግን ሰው ይወቅ። ስለ ታክስና ስለ ኢንሹራንስ በሬዲዮ ጠበቃ ጋብዘን እናወራለን። ስለዚህም እናውራ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በመስጊድ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ጠበቃና አንድ ሐኪም አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ቢያስረዱ ስንት ሰው ይድናል።

እኛም ያወቅነው በአጋጣሚ ነው። ልጃቸው ለሌላ ጉዳይ ጠበቃ ዘንድ ሄዳ ወሬ መሃል አነሳችው። ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እናትሽ ዜጋ ናቸው?» አላት። አይደሉም። ግሪን ካርድ ካገኙ ገና አራት ዓመታቸው ነው። «ዛሬውኑ አቁሙ» አላት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁሉንም ለካንሰር ሐኪሟ ነገርናት። አልደነገጠችም። ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ብላ ድሮናቢኖል የሚባል እንክብል ጻፈችላቸው። ማሪዋና ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፣ በላቦራቶሪ የተሠራ። ከ1985 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ከተራ ፋርማሲ፣ ከደም ግፊት ክኒናቸው ጋር በአንድ ከረጢት ተሰጣቸው። ከከረሜላው ጋር ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። አንደኛው ሕግ ያስጥሳል፣ አንደኛው አያስጥስም።

በሚቀጥለው ዓመት እትዬ ለዜግነት ያመለክታሉ። ፎርሙ ሳይያዙ የፈጸሙት ወንጀል ካለ ይጠይቃል። ልጃቸው ይህ ያስጨንቃታል። እትዬ ግን «የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ፣ በመሐላ አልዋሽም» ብለዋል። ጠበቃው አብሯቸው ይገባል። ቆርቆሮዋ ከበርበሬው ጀርባ ወጥታለች። ባለፈው እሑድ የማኅበር ሴቶች ሲመጡ እትዬ ራሳቸው ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው። አንዷ ሴትዮ ሲኒዋን አስቀምጣ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ የጠበቃውን ስልክ ጠየቀች።