ለ«ማን አስገደደህ» ባዮች ምስጋና

ሰሞኑን ኮምፒውተሬ አፕዴት አድርጎ ተነሳ። ሊንክ ስከፍት ያልመረጥኩት ብራውዘር (ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም) ብቅ አለ። የድሮውን ልመልስ ስል ጥያቄ መጣ፤ ከሥሩ ሁለት መልስ ብቻ፦ «አዎ» እና «በኋላ አስታውሰኝ»። «አልፈልግም» የሚባል የለም። ልክ እንደ ባለድግስ፣ ጠገብኩ ብትልም «በሞቴ» ነው።

ይህንን ሻይ ላይ ባነሳ አንድ ወዳጄ ቀበል አድርጎ «ታዲያ ማን አስገደደህ? ካልተመቸህ አትጠቀማ!» አለኝ። መቼም ታውቋቸዋላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የግዙፍ ኩባንያ የነጻ ጠበቆች ናቸው። አክሲዮን የላቸውም። ቲሸርት እንኳ አልደረሳቸውም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍቅር ዛሬ ከየት ይገኛል?

«ሰው ምርጡን ነው የሚጠቀመው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የፍለጋ ሞተሩ በየስልኩና በየብራውዘሩ ቀድሞ እንዲቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ምርጥ ከሆነ ለምን ይከፈላል ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው። በ2024 ዋሽንግተን ያለ ዳኛ «ሕገወጥ ሞኖፖሊ» ብሎ ፈረደ። በ2025 ቅጣቱ ሲመጣ ግን የጉግል ብራውዘር ክሮም ይሸጥ አልተባለም። ክፍያውም አልተከለከለም። ውሉ «ከእኔ በቀር» እንዳይል ተባለ። ወዳጄ ደስ ይበለው።

የእኔ የምንጊዜም ተወዳጅ ግን የአውሮፓው ነው። ማይክሮሶፍት በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን ቃል ገባ፦ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ብራውዘሩን ራሱ የሚመርጥበት ገጽ ይመጣለታል። ከ2010 ጀምሮ መጣ። ፋየርፎክስ አለ፣ ኦፔራ አለ፣ ማክስቶን የሚባል አለ፣ ስሌይፕኒር የሚባልም አለ። ደርዘን ሙሉ! ከዚያ በግንቦት 2011 ገጹ ጠፋ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሳምንት አይደለም፤ 14 ወር። ሳያዩት የቀሩት 15 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው። ኮሚሽኑስ? የኩባንያውን ሪፖርት አምኖ ተቀምጧል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የቴክኒክ ስህተት» ተባለ።

ይኼን ስህተት እወደዋለሁ። ትሑት ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ደግሞም አቅጣጫውን ያውቃል። ምነው ታዲያ አንድ ቀን ተሳስቶ የተፎካካሪን ብራውዘር ዲፎልት (ቀድሞ የተመረጠ) አያደርግም? ምነው ተሳስቶ «አልፈልግም» የሚል በተን አይጨምርም? ደግሞ ኩባንያው 14 ወር ሙሉ አላየሁትም ሲል፣ የእኔ የዊንዶውስ ፈቃድ ጊዜው ማለፉን ግን በደቂቃ ያያል። በመጋቢት 2013 የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ወደቀበት። ያስደነግጣል አይደል? የዓመት ገቢው አንድ በመቶ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። በ1990ዎቹ ኔትስኬፕ የሚባል ብራውዘር ነበር፤ ብዙ ሰው ኢንተርኔትን ያየው በእሱ ነው። ኮምፒውተር አምራቾች የማይክሮሶፍትን ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዴስክቶፕ እንዳያነሱ በዊንዶውስ ውል ታሰሩ። በ1998 አሜሪካ ውስጥ በማይክሮሶፍት ላይ ክስ ተመሠረተ። በ2000 ዳኛው ኩባንያው ለሁለት ይከፈል አለ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ክፍፍሉን ሻረ፤ ሞኖፖሊውን በሕገወጥ መንገድ መጠበቁን ግን አጸና። አሪፍ ፍርድ! ኔትስኬፕ ግን ገና በ1999 ለሌላ ኩባንያ ተሸጦ አልቋል። ፍትሕ የደረሰው ተበዳዩ ከሄደ በኋላ ነው። ሙሉ ድርጅት ሲደፋ ቆሞ አይቶ «ማን አስገደደህ» ማለት ድፍረት ነው፣ ያስጠላል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ወዳጄ አሁን ሥራ በዝቶበታል። የሚጽፍበት ፕሮግራም ሰሞኑን የኤአይ ረዳት ተለጥፎበት መጣ፤ ደብዳቤ ሲጀምር «ልጻፍልህ?» ይለዋል። ማጥፊያው የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ነው የዋለው። ማን አስገደደው?