ኮሌስትሮል ነው ወይስ ነጭ የደም ሴል?

ነገሩን የቆሰቆሰው ወጣቱ ነው። "ኮሌስትሮሉ ደህና ነው የተባለ ሰው እንዴት ሀርት አታክ ይመታዋል?" አለ። መልሱንም ይዞ ነበር የመጣው። "ብግነት ነው፤ የሰውነት ቁጣ። የገዛ መከላከያችን ነው የደም ቧንቧውን የሚያበላሸው። ኮሌስትሮል ላይ የሚወራው ሁሉ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው።"

ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩት ጋሼ ሳቅ አሉ። "ይሄ ጭቅጭቅ ካንተ አያት ይበልጣል ልጄ" አሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፊርኾ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በሽታው የሚጀምረው የቧንቧው ግድግዳ ተቆጥቶ ነው ይል ነበር። ቪየና የነበረው ሐኪም ሮኪታንስኪ ደግሞ ክምችቱ ይቀድማል፣ ቁጣው ኋላ የሚመጣ ነው እያለ ይሞግተው ነበር። "እ.ኤ.አ. በ1913 አኒችኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ተመራማሪ ለጥንቸሎች ኮሌስትሮል አበላ። ቧንቧቸው ውስጥ ተጋገረ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?"

ፋርማሲስቷ እስኪጨርሱ ጠበቀች። "ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችሁ ነው የምትጓተቱት" ብላ ከሥሩ ጀመረች።

ኮሌስትሮል ተሸካሚው ኤልዲኤል የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይቀረቀራል። እዚያ ሲቆይ ይበላሻል። ሽፋኑ ይቆጣና በደም የሚያልፉትን ነጭ የደም ሴሎች መያዝ ይጀምራል። ሴሎቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ማክሮፌጅ ይሆናሉ፤ ሥራቸው መብላት ነው። የተበላሸውን ኤልዲኤል ግን ጠገብኩ አይሉም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሆዳቸው አረፋ የሞላ ይመስላል። የዋጡት ኮሌስትሮል ውስጣቸው ክሪስታል ይሠራል። በዚህ ጊዜ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባል የማንቂያ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ ሌሎች ሴሎችም ይግተለተላሉ። ብዙዎቹ እዚያው ሞተው የክምችቱ አካል ይሆናሉ። የቀሩት የሚረጩት ኢንዛይም ክምችቱን የሸፈነውን ክዳን ያሳሳዋል። ክዳኑ የተቀደደ ዕለት ደም እላዩ ላይ ይረጋል። ቧንቧው ግማሽ እንኳ ያልጠበበ ሰው በድንገት የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

"በቃ! በላተኞቹ ናቸው ጥፋተኞቹ" አለ ወጣቱ።

"ማን አቀረበላቸው?" አሉ ጋሼ።

እዚህ ላይ ወጣቱ ካርዱን መዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ነው። ቀድሞ ሀርት አታክ መቷቸው የሚያውቁ፣ ደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት ከፍ ያለባቸው ከ10,000 በላይ ሰዎች ገብተውበታል። ካናኪኑማብ የሚባለው መርፌ ያንኑ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ያግዳል። ኤልዲኤል ንቅንቅ አላለም። በመካከለኛው መጠን የተወጉት ላይ ግን ዳግም ሀርት አታክ፣ ስትሮክና በልብ ሕመም መሞት ተደምሮ 15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ካርድ ነበር።

"ቀሪውንም ንገራቸው እንጂ" አለችው ፋርማሲስቷ። በኢንፌክሽን የሞቱት ሰዎች በመርፌው ምክንያት ጨምረዋል። አጠቃላይ የሟቾች ቁጥር ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ብግነት በሽታ ብቻ አይደለም፤ ጀርም የሚመታበትም መሣሪያ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ሌላው ብግነት ቀናሽ መድኃኒትም ተሞክሮ የልብ ሕመምተኞችን አልጠቀመም። እሷ የምትደግፈው ኮልቺሲንን ነው፤ የጥንቱን የሪህ መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ደግፈውታል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለልብ ተፈቅዷል። "ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን አደገኛ ነው፤ እንደ ከረሜላ አይወሰድም" አለች።

ፍርዱን ወደ እኔ ገፉት።

ወጣቱ በጥናቱ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ላይ ነው የሳተው። መርፌውን ከወሰዱት ከአስሩ ዘጠኙ ቀድሞም ስታቲንን የመሰለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ላይ ነበሩ። ጥናቱ ያሳየው በኮሌስትሮል መድኃኒቱ ላይ ተጨምሮ የተገኘ ጥቅም ነው፤ ኮሌስትሮልን ነፃ አላወጣም። "ደህና ነው" የተባለው ቁጥርም የዚያን ቀን ቁጥር ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው የብዙ ዓመት ጥርቅም ነው። በመነሻው ላይ ስለዚህ ለጋሼ ፈረድኩ። ጥንቸሎቹ ግን ክዳኑ ለምን ዛሬ ተቀደደ ለሚለው መልስ አይሰጡም። እሱ ላይ ያሸነፈችው ፋርማሲስቷ ናት።

ኮልቺሲኗን ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩላትም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ7,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ምንም ጥቅም አላገኘበትም። "እነዚያ እኮ ገና በተመቱ በቀናት ውስጥ ነው የጀመሩት፤ በ2020ው ጥናት የነበሩት ግን ሕመማቸው የተረጋጋ ነበር" ብላ ተሟገተችኝ። ልዩነቱ እውነት ነው። ውጤቱን የቀየረው እሱ ነው ለማለት ግን ሁለቱን ጎን ለጎን የሚፈትን ሌላ ጥናት ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ አልፈረድኩላትም።